የአባባ ሪሞት

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከጉለሌ አካባቢ ነው። ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 33 ነው። ከወላጆቼ ጋር ነው የምኖረው። ኮምፒውተር መነካካት ነፍሴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከመሥሪያ ቤት ጨረታ አንድ ትንሽ ዴስክቶፕ ገዛሁና ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁት። ሊኑክስንና ፊልምም ቻናልም የሚያሳየውን ኮዲ የሚባል ፕሮግራም ጫንኩበት። የዲሹን ኬብል ከሪሲቨሩ ነቅዬ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት። ሪሲቨሩን ለአጎቴ ልጅ ሰጠሁት። ፊልሙ፣ ዘፈኑ፣ የቤተሰብ ፎቶው፣ ቻናሉ ሁሉ አንድ ቦታ ተሰበሰበ። በጣም ነበር ደስ ያለኝ።

አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከቴሌቪዥን የሚፈልጉት ዜናና ሩጫ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ‹ሯጮቹ ይንቀጠቀጣሉ› ይሉኝ ነበር። የመነጽራቸው ችግር ነው ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ ኪቦርዱ አስቸገራቸው። ቻናል ለመቀየር እኔን ወይም እህቴን መጥራት ጀመሩ።

ለመስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አጥቢያ የቶኪዮው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ነበር። አባባ ጋቢያቸውን ደርበው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሲያዩ ነበር። እኔ ተኝቻለሁ። ኮምፒውተሩ በየሌሊቱ 9 ሰዓት ከ45 ራሱን እንዲያድስና ጠፍቶ እንዲነሳ ያዘዝኩት እኔው ነኝ። ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ልክ በሰዓቱ ጠፋ። ሲነሳ ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ሆነ። አባባ አልቀሰቀሱኝም። ጠዋት ስነሳ ‹ትዕግሥት ምን ሆነች?› ብለው ጠየቁኝ።

በማግስቱ ሌሊት የወንዶቹን ለማየት ጎረቤት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሩጫ ሲኖር እዚያው ነው የሚሄዱት። ለምን ስላቸው ‹እንዳላስቸግርህ ብዬ ነው› ይሉኛል። እህቴ ደግሞ ‹የአባባን ቴሌቪዥን ቀማሃቸው› አለችኝ። ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ምን ላድርግ? ማሽኑን ልሽጠው? ወይስ ጠንከር ያለ ልግዛ? ሌላም ጥያቄ አለኝ። ኳስ በኢንተርኔት ሳይ ጎሉን ከማየቴ በፊት የሰፈሩ ጩኸት ይደርሰኛል። ፍጥነቱን ባሳድግ ይስተካከላል?»

ወንድሜ፣

ከሁሉ በፊት አባትህ የጠየቁትን ጥያቄ አብረን እንየው። ትዕግሥት አሰፋ ሁለተኛ ወጣች። ኬንያዊቷ ፔሬስ ጄፕቺርቺር በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ገባች። ትዕግሥት በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ተከተለች። ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ የለያቸው ሁለት ሰከንድ ነው። ሁለቱም ስታዲየሙ ውስጥ ገብተው እንኳን ማን እንደምታሸንፍ አይታወቅም ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይም እንዲሁ ነበር። አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሀሰን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ስትገባ፣ ትዕግሥት በሦስት ሰከንድ ተቀድማ ብር አገኘች።

ስለዚህ አባትህ ያመለጣቸው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው ብለህ አትቁጠረው። ሌሊቱን ሙሉ ጋቢ ደርበው የተቀመጡት ለዚያች አሥር ደቂቃ ነው። ያንን ሁሉ ኪሎ ሜትር አብረዋት ሄደው፣ መጨረሻው ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲያዩ አደሩ። ደግሞም አልቀሰቀሱህም። ሆዴን የበላው ይሄ ነው። በገዛ ሳሎናቸው፣ በገዛ ቴሌቪዥናቸው፣ «ልጄን አላስቸግርም» ብለው ተኙ።

ማሽኑን አትሽጠው። ሌላም አትግዛ። ማሽኑ አቅም አላነሰውም። አንድ ቴሌቪዥን ፊት ሁለት ዓይነት ሰው ይቀመጣል። አንዱ መነካካት ይወዳል፣ ሌላው ማየት ይፈልጋል። አንተ የሠራኸው ለሚነካካው ብቻ ነው። የሚያየውም ሰው አንድ አዝራር ተጭኖ የሚፈልገውን እንዲያገኝ አድርገው። የምመክርህ በአጭሩ ይኸው ነው። ከዚህ በታች የምጽፍልህ እንዴት እንደሚደረግ ነው።

እኔም እዚህ ቦታ ቆሜ አውቃለሁ። ጥር 2005 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ ገብቶ፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር የመጀመሪያ ጨዋታውን ሊያደርግ ነው። ዛምቢያ ደግሞ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ቤታችን በዘመድ ሞልቷል። ከውጭ የመጣች አክስቴ ሳትቀር አለች። እኔ በዚያው ሳምንት ኮምፒውተሬ ላይ የቴሌቪዥን ካርድ ገጥሜ ነበር። ከእረፍት በኋላ ምስሉን ትንሽ ላጥራው ብዬ አንድ ማስተካከያ ነካሁ። ምስሉ ሄደ። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ ስታገል ሰፈሩ በጩኸት ተናጋ። አዳነ ግርማ አግብቷል። በረኛችን በቀይ ወጥቶ፣ በአሥር ሰው እየተጫወትን ያገባነው ጎል ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ጎሉን የሰማው ከጎረቤት ነው። አጎቴ ምንም አላለኝም። አንገቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ጩኸቱን ያዳምጥ ነበር። ያ ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታ ባለበት ቀን ማሽን አልነካም። አንተም አትንካ። ከዋዜማው ጀምሮ እጅህን ሰብስብ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

መጀመሪያ የአጎትህን ልጅ «ሪሲቨሩን መልስልኝ» በለው። ካፈርክ ሌላ ግዛ። ሪሲቨሩ ቴሌቪዥኑ ላይ አንደኛው ኤችዲኤምአይ ውስጥ ይሰካ፣ ኮምፒውተርህ ሁለተኛው ውስጥ። ኮምፒውተሩ ቢጠፋ፣ ቢበላሽ፣ አንተ ፈታተህ መሬት ላይ ብትበትነው እንኳ የአባባ ቻናል አይነካም። ኮምፒውተሩን ብቸኛው መንገድ ማድረግህ ነው የጎዳህ። እኔ ቤት ዛሬም ሪሲቨሩ አለ። አንድ ቀንም አላሳፈረኝም።

ግን ኬብሉን ለሁለት ከፍለህ ብቻ እንዳትገጥም። ዲሹ ላይ ያለው ኤል ኤን ቢ (ዲሹ ፊት ለፊት የተገጠመው ምልክት ተቀባይ) አንድ መውጫ ብቻ ካለው ለሁለት አይሆንም። ሪሲቨር በዚያው ኬብል 13 ወይም 18 ቮልት ወደ ላይ ይልካል። ኤል ኤን ቢው የትኛውን ሞገድ እንደሚያወርድ የሚያውቀው በዚያ ነው። ሪሲቨሩ 13 ሲል ኮምፒውተሩ 18 ካለ ይጋጫሉ። አንዱ ቻናል ሲቀይር የሌላው ምስል ይጠፋል። አባባ ዜና እያዩ አንተ ፊልም ስትቀዳ ዜናው ድንገት ይሄድባቸዋል ማለት ነው። ሁለት መውጫ ያለው ኤል ኤን ቢ አስቀይርና ሁለት የተለያየ ኬብል አስወርድ። የሰፈርህ የዲሽ ባለሙያ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። አንድ ሰሞን የታጂኪስታኑን የስፖርት ቻናል ቫርዚሽን ፍለጋ ሰፈሩ ሁሉ ዲሽ ሲያስዞር፣ እነዚህ ልጆች ጣራ ለጣራ ሲሄዱ ነው የሚውሉት። እጃቸው ተፍታቷል።

ቀጥሎ ስለ መንቀጥቀጡ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ምክንያቱም አባትህ ልክ ነበሩ። መነጽራቸው ምንም አልሆነም።

እዚህ አገር እንደ አውሮፓ ሁሉ የቴሌቪዥን ስርጭት የሚሄደው በሰከንድ 50 ምት ነው። አሜሪካ 60 ነው። ኮምፒውተር ደግሞ የትም ተገዛ የት፣ ካላዘዝከው በቀር ብዙውን ጊዜ በ60 ነው የሚያወጣው። 50 ምስል መጥቶለት 60 ማሳየት ሲኖርበት ምን ያደርጋል? ከየአምስቱ ምስል አንዱን ሁለቴ ያሳያል። በሰከንድ አሥር ጊዜ ምስሉ ለቅጽበት ቆም ይላል ማለት ነው። ዜና አንባቢ ፊት ላይ ይሄ አይታይም። ካሜራው ሞተር ሳይክል ላይ ሆኖ ሯጮቹን ከጎን ሲከተል ግን ከኋላ ያለው አጥር፣ ዛፍ፣ ሰው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ማራቶን ማለት ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይኸው ነው። አባትህ ሩጫ ስለሚወዱ ነው ካንተ ቀድመው ያዩት።

ዛሬ ማታ ሞክረው። ዜና ክፈትና ከስር የሚያልፈውን ጽሑፍ ተመልከት። እንደ ውሃ የሚፈስ ከሆነ ደህና ነው። እየተደነቃቀፈ የሚሄድ ከሆነ ኮምፒውተርህ በ60 ነው። ኮዲ ውስጥ ማስተካከያው ጋ ግባ፣ ፕሌየር፣ ከዚያ ቪዲዮ የሚለውን ክፈት። የቴሌቪዥኑን ሪፍሬሽ ሬት (በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያሳይ) ከቪዲዮው ጋር የሚያመሳስል ምርጫ አለ። ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ቪዲዮው ሲጀምርና ሲያቆም እንዲቀይር አድርገው። ቻናል ስትከፍት ቴሌቪዥኑ ለአንድ አፍታ ጥቁር ይሆናል። አትደንግጥ፣ ወደ 50 እየዞረ ነው።

ይሄ ብቻ አይደለም። ብዙ የዲሽ ቻናል ምስሉን የሚልከው ግማሽ ግማሹን ነው። መጀመሪያ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ መስመር እያለ ይልካል። ቀጥሎ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ። እነዚህን አጋጥሞ ሙሉ ምስል የሚያደርገው የኮምፒውተርህ ሥራ ነው። ስሙ ዲኢንተርሌስ ነው። በደንብ ካልሠራው የሯጮቹ እግር ዳር ዳሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። ወይም ደግሞ ግማሹን ይጥልና ከ50 ምስል 25 ያስቀርልሃል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ምስሉ ጥርት ያለ ስለሚመስል ልብ አትለውም። ቻናል እያየህ ኪቦርዱ ላይ የ«ኦ» ፊደልን ብትጫን ኮዲ ምን እየሠራ እንደሆነ ይዘረዝርልሃል። ዲኢንተርሌስ የሚለው መስመር ላይ ምንም ካልተጻፈ ቪዲዮ ማስተካከያው ውስጥ ገብተህ አብራው። የተሻለ የሚባለውን ምረጥ። ያንተ ዴስክቶፕ ይችለዋል።

ይሄ ሁሉ ለምን? መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር ቀደመው። ልዩነቱ 9 መቶኛ ሰከንድ ነበር። 27 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ከ20፣ በ27 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ከ29። በሰከንድ 50 ምስል ሲኖርህ በዚያች 9 መቶኛ ውስጥ አራት ምስል ታያለህ። የኃይሌ ደረት ቀድሞ ሲገባ ዓይንህ ይይዘዋል። በ25 ሁለት ምስል ብቻ ነው ያለህ። የቶኪዮው የወንዶች ማራቶን ደግሞ ከዚያም ይጠባል። ታንዛኒያዊው አልፎንስ ሲምቡና ለጀርመን የሮጠው አማናል ፔትሮስ ሁለቱም 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ነው የተጻፈላቸው። የለያቸው 3 መቶኛ ሰከንድ ነው። አባትህ ያንን ጎረቤት ሆነው፣ ተራ ሪሲቨር ላይ አይተውታል። ያ ተራ ሪሲቨር ይህን ሥራ ማንም ሳይነግረው ይሠራዋል። አባባ ጎረቤት የሚሄዱት ምስሉ እዚያ ደህና ስለሆነም ይሆናል።

ወደ ሪሞቱ ልምጣ። ኪቦርድ ለሳሎን አይሆንም። ጨለማ ውስጥ ፊደል መፈለግ ለማንም ከባድ ነው፣ ለ71 ዓመት ሰው ደግሞ ይብሳል። ኤችዲኤምአይ ኬብል ውስጥ ሲኢሲ የሚባል ነገር አለ። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በዚያው ኬብል በኩል የተሰካውን ዕቃ እንዲያዝ ያደርጋል። ሳምሰንግ ላይ ስሙ አኒኔት ፕላስ ነው፣ ኤልጂ ላይ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ላይ ብራቪያ ሲንክ። ሪሲቨሩ ሲኢሲ ካለው አባባ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ብቻ ይዘው ሁሉንም መጨረስ ይችላሉ። ችግሩ፣ እንዳንተ ያለ የቢሮ ዴስክቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ሲኢሲ የለውም። ራስበሪ ፓይ የምትባለዋ ትንሿ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር ግን አላት። ለዴስክቶፑ በዩኤስቢ የሚሰካ የሪሞት መቀበያ ፈልግ። ማንኛውንም አሮጌ ሪሞት ማስተማር የሚቻልባቸው አሉ። የድሮውን የአባባን ሪሞት አስተምረው። አውራ ጣታቸው የትኛው አዝራር የት እንዳለ ያውቃል። አዲስ ነገር አታስለምዳቸው።

የራስ በራስ ማደሱን ዛሬውኑ አጥፋው። ሌላ ቀን አትበል። ይህን ጽሑፍ አስቀምጠህ አጥፋውና ተመለስ። ማደስ ክፉ ነገር አይደለም። ግን የሚታደሰው አንተ ቁጭ ብለህ፣ ሩጫም ኳስም በሌለበት ማክሰኞ ማታ መሆን አለበት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ዘዴ አለኝ። በጣም ነው የምወደው። ሁለት ዲስክ ይኑርህ። ትንሽ ኤስኤስዲ ዲስክ ግዛና አሁን ደህና የሚሠራውን ሁሉ እንዳለ ገልብጥበት። ክሎንዚላ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ለዚህ ነው የተሠራው። አንዱ ዲስክ የቤቱ ነው፤ እሱን አትነካም። ሌላው ያንተ ነው። እሱ ላይ አፍርስ፣ ሥራ፣ እንደገና አፍርስ። መነካካት ሲያምርህ ያንተን ትሰካለህ፣ ስትጨርስ የቤቱን ትመልሳለህ። አንድ ቀን ወደ ራስበሪ ፓይ ብትሄድ ደግሞ ይበልጥ ይቀልሃል። ሊብሬኤሌክ የሚባለውን፣ ለኮዲ ብቻ ተብሎ የተሠራውን ሲስተም በሁለት ሚሞሪ ካርድ ትጭናለህ። ካርድ መቀየር ሲም ካርድ እንደ መቀየር ነው። ፍላጎትህን ማፈን የለብህም። ኮዲ ራሱ እኮ የተወለደው ከመነካካት ነው። የኤክስቦክስ ጌም ማጫወቻን ፈልፍለው ፊልም እንዲያሳይ ያደረጉ ልጆች ናቸው ከ20 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የጀመሩት። በ2014 እ.ኤ.አ. ነው ኮዲ የተባለው። እንዳንተ ያሉ ልጆች ባይኖሩ ይሄ ፕሮግራም አይኖርም ነበር።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ለአባባ ምን ይጠቅማል? ይቅረጽላቸው። ሪሲቨሩ ላይቭ ያሳያቸዋል፣ ኮምፒውተሩ ከጀርባ ይቀርጻል። ቲቪሄድኤንድ የሚባለውን የቻናል መቅረጫ ፕሮግራም ጭነህ ከሆነ (ካልጫንክም ጫን) ሰዓት ሞልተህ መተኛት ነው። ጥራት ያለው የዲሽ ቻናል በሰዓት ከ3 እስከ 5 ጊጋባይት ይወስዳል። ሙሉ ማራቶን ከ12 ጊጋ ብዙም አያልፍም። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ስፖርት በተባለው ሰዓት አያልቅም። ከመጀመሪያው 10 ደቂቃ፣ ከመጨረሻው አንድ ሰዓት ጨምርበት። የ2022ቱን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አስታውስ። አርጀንቲናና ፈረንሳይ 90 ደቂቃውን 2 ለ 2፣ ጭማሪውን 3 ለ 3 ጨርሰው ፍጹም ቅጣት ምት ነው የለያቸው። ሁለት ሰዓት ብቻ ሞልቶ የተኛ ሰው ዋናውን አጥቶታል።

መብራት ሲጠፋ ቀረጻውም ዲስኩም ሊበላሽ ይችላል። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ግዛ። ዴስክቶፑን፣ ሪሲቨሩንና ራውተሩን እሱ ላይ ስካ። ረጅም ጊዜ አይይዝም፤ ብልጭ ድርግም የሚለውን ግን ያሳልፍልሃል።

የኢንተርኔቱን ኳስ በተመለከተ፣ ገንዘብህን አታባክን። ፍጥነት ብታሳድግ መቆራረጡ ይቀራል እንጂ መዘግየቱ አይቀርም። ዲሽ ላይ ምልክቱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ፣ ያንኑ ያህል ወርዶ ይመጣል። ይሄ ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። በኢንተርኔት ሲሆን ግን ቪዲዮው በየጥቂት ሰከንዱ ይቆረጣል። ብዙ ጊዜ አንዱ ቁራጭ ስድስት ሰከንድ ነው። ማጫወቻው ደግሞ እንዳይቋረጥብህ ብሎ ሦስት ያህል ቁራጭ እስኪያጠራቅም አይጀምርም። ይኸው ብቻውን ወደ 20 ሰከንድ ሆነ። መንገድ ላይ የሚጨመርም አለ። ጎረቤትህ በዲሽ ካየ ካንተ በፊት ይጮሃል። የትኛውም ፓኬጅ ይህን አያስተካክለውም። ጨዋታው በዲሽ ካለ በዲሽ እይ። ከሌለ መስኮቱን ዝጋና ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጥ።

«ሁሉንም ቻናል በነፃ» እያሉ የሚሸጡ ሳጥኖችም አሉ። አትግዛ። የሰው ንብረት ሰርቀው ነው የሚያሳዩት። ደግሞም የሚቋረጡት ሁሉም ሰው በሚፈልጋቸው ሰዓት ነው። አባባን ሁለተኛ ጊዜ እንደዚያ ማድረግ አትፈልግም።

የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። እቃው ቢስተካከልም አባባ ወዲያው ላይመለሱ ይችላሉ። «እንዳላስቸግርህ» የሚል አባት ቅሬታውን አይነግርህም። ስለዚህ አንተ ቅደም። ምን ብለህ? ስለ ኮምፒውተር አታውራ። ስለ ማደስ፣ ስለ ትዕዛዝ፣ ስለ ሊኑክስ ምንም አትበል። ማብራሪያ ሲበዛ ማመካኛ ይመስላል። «አባባ፣ ያን ሌሊት ጥፋቱ የእኔ ነው። ሯጮቹ ይንቀጠቀጣሉ ሲሉኝም ልክ ነበሩ፤ አልሰማሁዎትም» በላቸው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ይበልጥ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ። ስንት ዓመት ተማሪ ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ያዩትን አላየሁም ብለሃቸዋል። ያዩት ትክክል እንደነበር ካንተ አፍ ይስሙት።

ይህን ካልክ በኋላ የዓለም አትሌቲክስ በራሱ የዩቲዩብ ገጽ የሚያወጣቸውን የውድድር ቅንጭቦች በዚያው በኮምፒውተርህ፣ በትልቁ ቴሌቪዥን ክፈትላቸው። የቶኪዮውን የሴቶች ማራቶን መጨረሻ ፈልግ። ውጤቱን ያውቁታል፣ ግን አላዩትም። ትዕግሥት እስከ መጨረሻዋ ሜትር እንዴት እንደታገለች በዓይናቸው ይዩ። ቡና ይፈላ። እህትህም ትቀመጥ። አንተ ኪቦርድ አትያዝ። አባትህ አቁም ሲሉ የሚያቆም፣ መልስ ሲሉ የሚመልስ ሪሞት እጃቸው ላይ ይሁን። ሁለቴ ሦስቴ ይመላልሱት ይሆናል። እግሯን ያሳዩሃል፣ ክንዷን ያሳዩሃል፣ ከስንት ዓመት በፊት የነበረን ሌላ ሩጫ ያነሱልሃል። አትቸኩል።

ጎረቤት መሄዳቸውንም አትከልክል። አብረው ሌሊት የሚነሱ ሽማግሌዎች ካሉ ለዚያም ይሆናል የሚሄዱት። እንዲያውም ቤቱ ከተስተካከለ በኋላ ለሚቀጥለው ትልቅ ሩጫ ጎረቤቶቹን አንተ ጥራቸው። ሳሎኑ የአባባ ነው፣ ጠሪው ግን አንተ ሁን።

ሥራውን በዚህ ቅዳሜ ጀምር። መጀመሪያ ኤል ኤን ቢው፣ ከዚያ ሪሲቨሩ፣ ከዚያ 50ው። ሁለቱን ዲስክ ስታዘጋጅ የቤቱኛው ላይ በማርከር «የአባባ» ብለህ ጻፍበት። ዜናው ስር የሚያልፈው ጽሑፍ መደነቃቀፉን ከተወ አባትህን ጥራና «አሁንስ?» በላቸው። ያሉህን ጻፍልኝ።